አንድ ቺፕ፣ ሁለት አዛዥ፦ የአንድ ማተሚያ ቤት ሰርቨር ራሱን ያጠፋ የነበረበት ምክንያት

ጉዳዩ የደረሰው ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ፎቅ ላይ ባለ አንድ አነስተኛ ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው። ጊዜው የ2016 ዓ.ም. ክረምት ነበር፤ ለአዲሱ ዓመት ካላንደርና አጀንዳ የሚታተምበት፣ ማተሚያ ቤቶች እንቅልፍ የሚያጡበት ወቅት። ቤቱ የዲዛይን ፋይሎቹን በሙሉ የሚያስቀምጠውና ለፕሌት (ገጹ ለሕትመት ለሚቀረጽበት የአልሙኒየም ዝርግ) የሚያዘጋጀው በአንድ ሰርቨር ላይ ነው። ሰርቨር ይባል እንጂ በተራ የዴስክቶፕ ማዘርቦርድ ላይ የተገጣጠመ፣ ኡቡንቱ 20.04 የተባለው የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተጫነበት ማሽን ነው። ብዙ አነስተኛ ድርጅት የሚሠራው እንዲህ ባለ ማሽን ነው፤ ዋጋው ይቀላል፣ መለዋወጫውም ሳይንከራተቱ ይገኛል።

ማሽኑ ሳይታሰብ ይጠፋል። አንዳንድ ሳምንት ምንም ሳይሆን ይከርማል፤ አንዳንዴ ደግሞ በአንድ ሌሊት ደጋግሞ ይወድቃል። ሠራተኞች ጠዋት ሲገቡ ሌሊቱን ሲዘጋጅ ያደረው ሥራ መሀል ላይ ተቋርጦ ያገኙታል። አንድ ፕሌት ሲበላሽ የሚባክነው አልሙኒየሙ ብቻ አይደለም። ማሽኑ ላይ የቆመው ኦፕሬተር፣ ተቆርጦ የተዘጋጀው ወረቀት፣ ለደንበኛው የተሰጠው ቀጠሮ፣ ሁሉም አብሮ ይዛባል።

አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒውተር በራሱ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መብራት ነው፤ ጥርጣሬውም አግባብ ነው። ስለዚህ ዩፒኤሱ ተቀየረ። ቀጥሎ ፓወር ሰፕላዩ ተቀየረ። ከዚያ ወደ አቧራ ተዞረ፤ በአካባቢው ሲካሄድ የከረመው የኮሪደር ልማት ግንባታ ያስነሳው አቧራ በመስኮት ገብቶ ማሽኑ ውስጥ ተጋግሮ ነበርና ተጠራርጎ ወጣ፣ የሲፒዩው ተርማል ፔስትም ታደሰ። ማሽኑ አሁንም ጠፋ። እኔ ስጠራ የቤቱ ባለቤት፣ ሠራተኞቹ ሁሉ ጋሼ የሚሏቸው ሰው፣ የተቀየሩትን ዕቃዎች ደረሰኝ ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ጠበቁኝ። «ልጄ፣ ቀይሩ ያላችሁንን ሁሉ ቀየርን» አሉኝ። «ከዚህ በኋላ የምቀይረው ነገር ካለ ለምን እንደምቀይረው ነግረኸኝ ነው።»

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም መልሱ ከአንድ ማተሚያ ቤት በላይ ስለሚሄድ ነው።

ሌላም አሳማኝ የሚመስል ግምት ነበር፤ ከፍታ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋን የሚገፋው የአየር ይዘት ያው ቢሆንም፣ በዚያ ይዘት ውስጥ ያለው አየር ስለሚያንስ ተሸክሞት የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። ይህን ለማሽን ገጣጣሚዎች ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ። ነገር ግን ከፍታው ሰኞም ማክሰኞም ያው ነው፤ አንድ ሳምንት ደህና ከርሞ በአንድ ሌሊት ደጋግሞ የሚያጠፋ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

መንገዱን ያሳየን የሲስተሙ ሎግ (የክንውን መዝገቡ) ነው። መብራት የሄደበት ማሽን አይሰናበትም፤ ሎጉ በዓረፍተ ነገር መሀል ይቆረጣል፣ ሲነሳም ፋይል ሲስተሙ ራሱን ሲጠግን ይታያል። እዚህ ግን አገልግሎቶቹ አንድ በአንድ ቆመዋል፣ ዲስኮቹ በሥርዓት ተላቀዋል፣ ከዚያ ማሽኑ ጠፍቷል። አዝዞ ያጠፋው ራሱ ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ነው። ከዚያ ከፍ ብሎ ያለው መስመር ምክንያቱን ይናገራል፦ የኤሲፒአይ ተርማል ዞን (ማዘርቦርዱ ሙቀቱን የሚያሳውቅበት ክፍል) ወሳኝ ሙቀት ላይ ደርሷል፣ 144 ዲግሪ፣ ማሽኑ እየጠፋ ነው።

144 ዲግሪ የማይሆን ቁጥር ነው። የዚህ ዓይነት ሲፒዩ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱን ያቀዘቅዛል፤ ከዚያ ካለፈ ደግሞ ሶፍትዌር ሳይጠይቅ ኃይሉን ይቆርጣል እንጂ 144 ደርሶ ሎግ አይጽፍም። በማሽኑ ላይ በየደቂቃው የሙቀት ንባብ የሚመዘግብ ትንሽ ስክሪፕት ተጭኖ ነበር፤ በዚያው ደቂቃ የሲፒዩው የራሱ ሴንሰር 52 ዲግሪ ብሏል። ይህ ሴንሰር በሲፒዩው ውስጥ ያለ ነው፤ ከርነሉ የሚያነበው ከፕሮሰሰሩ ሬጅስተር (ትንሽ የቁጥር ማስቀመጫ) በቀጥታ ስለሆነ መሀል የሚገባ የለም። ስለዚህ ሲፒዩው አልጋለም፤ ጋለ ያለው ሌላ ወገን ነው።

ያ ወገን ፈርምዌሩ ነው፤ አምራቹ ማዘርቦርዱ ላይ ጭኖት የሚመጣው፣ በተለምዶ ባዮስ የሚባለው ሶፍትዌር። ኤሲፒአይ የሚባለውን ደንብ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1996 ሲያወጡት ዓላማው ማዘርቦርዱ ስለ ራሱ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚናገርበት አንድ ቋንቋ እንዲኖር ነበር። የማዘርቦርዱ አምራች በባዮስ ውስጥ ሠንጠረዦች ያስቀምጣል፤ ከእነዚህ ዋናው ዲኤስዲቲ ውስጥ ኤኤምኤል በሚባል ቋንቋ የተጻፉ ትንንሽ ፕሮግራሞች አሉ። ከርነሉ ሲነሳ ሠንጠረዡን ይጭናል፤ ከዚያ በኋላ ሙቀት መጠየቅ ሲፈልግ የአምራቹን ፕሮግራም ያስኬዳል። ፕሮግራሙ የሚመልሰው በኬልቪን አሥረኛ ነው፤ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ 3,132 ሆኖ ይመጣል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ከርነሉ አይጠይቅም። የተሰጠው ቁጥር ከወሳኙ ወሰን ካለፈ ማሽኑን ያጠፋል፤ ማድረግ ያለበትም ያንኑ ነው።

ታዲያ ፈርምዌሩ 144ን ከየት አመጣው?

መልሱ የተገኘው ከከርነሉ የማስነሻ ትእዛዝ ላይ ነው። ግሩብ (ሊኑክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ውስጥ «ኤሲፒአይ ኢንፎርስ ሪሶርስስ» የሚባለው መለኪያ «ላክስ» (ልል) ተደርጎ ተጽፏል። ማሽኑን ወደተከለው ባለሙያ ደወልኩ። ወጣት ነው፣ ሥራውን የሚወድ፤ ሳይደብቅ ነገረኝ።

«ወንድሜ፣ የፋኑን ድራይቨር ስትጭን ከርነሉ ምን አለህ?»

«አልጭንም አለኝ። ቦታው ተይዟል ይላል። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ሁሉም ላክስ አድርገው ይላል፤ ሳደርገው ሠራ። የፋኑ ፍጥነት፣ ቮልቴጁ፣ ሁሉም መጣልኝ።»

እሱ ያደረገውን ብዙ ሰው ያደርጋል፤ ምክሩም በየቦታው ይገኛል። ሆኖም ከርነሉ ድራይቨሩን፣ ማለትም ሃርድዌሩን የሚያዝዘውን ፕሮግራም፣ አልጭንም ያለበት ምክንያት ነበረው፤ ምክንያቱን ለመረዳት ደግሞ ቺፑን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ሁለቱ ፖርቶች

በማዘርቦርዱ ላይ ሱፐር አይኦ የሚባል ቺፕ አለ፤ እዚህ ማሽን ላይ ያለው ከኑቮተን ኤንሲቲ 6775 ቤተሰብ ነው። ፋኖቹን የሚያሽከረክረው፣ ቮልቴጅ የሚለካው፣ የማዘርቦርዱን ሙቀት የሚያነበው እሱ ነው። በውስጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሬጅስተሮች አሉት፤ ከውጭ ግን የሚገባባቸው በሁለት ፖርቶች ብቻ ነው፣ በዚህ ማሽን በሄክሳዴሲማል 295 እና 296። በመጀመሪያው ፖርት የሬጅስተሩን ቁጥር ትጽፋለህ፤ በሁለተኛው የዚያን ሬጅስተር ይዘት ታነባለህ ወይም ትጽፋለህ። መዝገብ ቤት ሄደህ በአንዱ መስኮት የፋይል ቁጥር አስመዝግበህ ፋይሉን በሌላኛው መስኮት እንደመቀበል ነው፤ ከአንተ በኋላ ሌላ ሰው ቁጥር ካስመዘገበ በሁለተኛው መስኮት የሚሰጥህ የእሱ ፋይል ነው፣ ሽፋኑ ላይ ስም የለውምና የአንተ እንዳልሆነ አታውቅም።

144ም የመጣው እንዲህ ነው። ኤኤምኤሉ በመጀመሪያው ፖርት የሙቀቱን ሬጅስተር ቁጥር ጻፈ። በዚያች ቅጽበት በሌላ ኮር ላይ የሚሠራው የሊኑክስ ድራይቨር የፋን ፍጥነት ለማንበብ የራሱን ቁጥር እዚያው ፖርት ላይ ጻፈ። ኤኤምኤሉ ከሁለተኛው ፖርት አነበበ፤ ያነበበው የፋን ፍጥነት ከሚሰላበት ቁጥር አንዱን ባይት ነው። እሱን እንደ ሙቀት ቆጥሮ ለከርነሉ ሰጠ። ከርነሉም ማሽኑን አጠፋ። ሁሉም የየራሱን ሥራ በትክክል ሠርቷል።

የባሰው ግን ንባብ አይደለም። ንባብ ቢሳሳት ቢበዛ ማሽን ያጠፋል። ጽሑፍ ሲሳሳት ምን እንደሚሆን ለማየት አንድ ነገር መጨመር አለበት። የሬጅስተር ቁጥር አንድ ባይት ስለሆነ ለሁሉም አይበቃም፤ ስለዚህ ቺፑ ሬጅስተሮቹን በባንክ ከፋፍሏቸዋል። በየትኛውም ባንክ ውስጥ ብትሆን ሬጅስተር 4ኢ የባንክ መምረጫው ነው። በዚህ ቤተሰብ ባንክ 1 የኬዙን ፋን ይይዛል፤ ባንክ 2 የሲፒዩውን ፋን። በሁለቱም ባንክ የፋኑ ኃይል የሚጻፍበት ሬጅስተር ቁጥሩ 09 ነው።

ማሽኑ ላይ የተጫነው የፋን ስክሪፕት ሌሊት ቢሮው ሲቀዘቅዝ የኬዙን ፋን ዝቅ ያደርጋል። አንድ ዋጋ ለመጻፍ አራት እርምጃ አለ፦ 4ኢን ጥራ፣ ባንክ 1 በል፣ 09ን ጥራ፣ ዋጋውን ጻፍ። በሁለተኛውና በሦስተኛው እርምጃ መካከል ኤኤምኤሉ ገብቶ ባንክ 2ን መርጦ የሲፒዩውን ሙቀት አንብቦ ቢወጣ፣ ድራይቨሩ ምንም ሳያውቅ 09ን ይጠራል፣ ለኬዙ ያሰበውን ዝቅተኛ ዋጋ ይጽፋል፤ የተጻፈው ግን በሲፒዩው ፋን ላይ ነው። ፕሌት በሚዘጋጅበት፣ ሲፒዩው ሙሉ በሙሉ በሚሠራበት ሰዓት ፋኑ ይተኛል።

እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያዎች ስነግራቸው «ግን ይህ በማይክሮ ሰከንድ የሚለካ ክፍተት ነው፣ እንዴት በአንድ ሌሊት ደጋግሞ ይገጥማል?» ይላሉ። ድራይቨሩን ከፍቶ ያየ ሰው መልሱን ያገኘዋል። ድራይቨሩ ጊዜ ለመቆጠብ መጨረሻ የመረጠውን ባንክ ያስታውሳል፤ የሚፈልገው ባንክ ካስታወሰው ጋር አንድ ከሆነ 4ኢን ጨርሶ አይነካም። ቺፑ የእሱ ብቻ ከሆነ ይህ ትክክለኛ አሠራር ነው። ቺፑን ሌላ የሚነካው ካለ ግን ክፍተቱ ማይክሮ ሰከንድ መሆኑ ይቀራል፤ ኤኤምኤሉ ባንኩን ቀይሮ ሳይመልስ ከወጣ፣ ድራይቨሩ እስከሚቀጥለው የባንክ ለውጥ ድረስ በተሳሳተ ባንክ ውስጥ መሆኑን ሳያውቅ ይሠራል። የእኛ ማሽን ኤኤምኤል ባንኩን አይመልስም ነበር። በሎጉ ላይም የሲፒዩው ፋን ያለምክንያት ወርዶ ከቆየ በኋላ ተመልሶ የወጣባቸው ሌሊቶች ይታያሉ፤ በእነዚያ ሌሊቶች የሲፒዩው የራሱ ሴንሰር በእውነትም ወደ 95 ዲግሪ ወጥቷል።

ስለዚህ ማሽኑ ሁለት ዓይነት አደጋ ነበረበት፤ የሐሰት ሙቀትና የእውነት ሙቀት፣ ከአንድ ምንጭ። የሐሰቱ ማሽኑን ስላጠፋው ታየ። የእውነቱ ሳይታይ ሲፒዩውን ያግል ነበር።

መቆለፊያው የት ነበር?

ሁለቱም ወገን መቆለፊያ አለው። ድራይቨሩ ሁለት የሊኑክስ ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ እንዳይገቡበት ሚውቴክስ የሚባል የራሱን መቆለፊያ ይይዛል። ኤኤምኤሉም፣ ዲኤስዲቲውን ፈትተን እንዳየነው፣ ፖርቶቹን ከመንካቱ በፊት የራሱን ሚውቴክስ ይይዛል፣ ሲጨርስ ይለቃል። ሁለቱም ጥንቁቅ ናቸው፤ ሆኖም አንዱ የሌላውን ሚውቴክስ አያውቀውም። መቆለፊያ የሚሠራው በሩን የሚጠቀሙት ሁሉ ሲያውቁት ብቻ ነው።

ከዚህ በታች ደግሞ ሌላ ደረጃ አለ። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1990 ከ386ኤስኤል ጋር ያመጣው ሲስተም ማኔጅመንት ሞድ የሚባለው የፕሮሰሰር አሠራር ፈርምዌሩ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጀርባ ሆኖ እንዲሠራ ይፈቅድለታል። ልዩ ኢንተራፕት (የማቋረጫ ምልክት) ሲመጣ ፕሮሰሰሩ የያዘውን ትቶ የፈርምዌሩን ኮድ ያስኬዳል፤ ሲጨርስ ካቆመበት ይቀጥላል። ሊኑክስ መቋረጡን አያየውም፣ ሊከለክለውም አይችልም፤ የራሱን ኢንተራፕቶች ሁሉ ቢዘጋም እንኳ።

የኤሲፒአይ አርቃቂዎች ይህን አስበውበታል። ግሎባል ሎክ የሚባለው ለዚህ የተሠራ ነው፤ ኤፍኤሲኤስ (FACS) በሚባለው ሠንጠረዥ ውስጥ፣ በሜሞሪ ላይ ያለ አንድ ቁጥር። አንዱ ቢት «ተይዟል» ይላል፣ ሌላው «የሚጠብቅ አለ»። ፈርምዌሩም ከርነሉም ያንኑ ቁጥር በማይከፋፈል ትእዛዝ ይቀይራሉ፤ ተይዞ ያገኘ የመጠበቂያውን ቢት አብርቶ ይቆያል፣ የያዘው ሲለቅ ምልክት ይሰጠዋል። ጥሩ ንድፍ ነው። ችግሩ አምራቹ ለየትኛው ሃርድዌር እንደሚጠቀምበት የሚወስነው ራሱ መሆኑ ነው፤ የእኛ ማዘርቦርድ ለሱፐር አይኦው አልተጠቀመበትም።

በሌላ ቦታ ይህ ነገር በደንብ ተሠርቷል። የዩኤስቢ ተቆጣጣሪን ውሰዱ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ፣ ሊኑክስ ገና ሳይመጣ፣ ኪቦርዱን የሚያስተዳድረው ባዮሱ ነው። ሊኑክስ ሲመጣ ባለቤትነቱን ይቀበላል፤ ለዚህ በተቆጣጣሪው ውስጥ ሁለት ቢቶች ተመድበዋል፣ 16ኛው የባዮስ፣ 24ኛው የኦፐሬቲንግ ሲስተም። ሊኑክስ የራሱን ቢት ያበራል፣ ባዮሱ የራሱን እስኪያጠፋ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይረከባል። ፒሲአይ ኤክስፕረስም ላይ የስህተት ቁጥጥሩን ማን ይያዝ የሚለው ኦኤስሲ በሚባለው የኤሲፒአይ ዘዴ በድርድር ይወሰናል። ሁለቱም ርክክብ ናቸው፤ ሰጪም ተቀባይም ይታወቃል። የሱፐር አይኦ ነገር የከፋው ርክክብ ስለሌለው ነው። ፈርምዌሩ አሳልፎ አይሰጥም፣ ሊኑክስ ደግሞ አይጠይቅም፤ ማሽኑ በርቶ እስካለ ሁለቱም ይነካሉ።

ሊኑክስ ይህን የተማረው በጉዳት ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. አንዳንድ የአይቢኤም ቲንክፓድ ላፕቶፖች የሴንሰር መፈለጊያ ፕሮግራም ከተኬደባቸው በኋላ መነሳት እምቢ ብለዋል፤ ፍለጋው በኤስኤምባስ (ቺፖችን የሚያገናኝ መስመር) ላይ ያለውን የኢኢፕሮም (ቋሚ ማስታወሻ ቺፕ) ይዘት ያበላሸው ነበር፣ ፕሮግራሙም በአይቢኤም ማሽኖች ላይ እንዳይሠራ ተደረገ። ከእ.ኤ.አ. 2009 ገደማ ጀምሮ ከርነሉ ጥብቅ ሆነ። ኤኤምኤሉ «ይህን የፖርት ክልል እነካለሁ» ብሎ ያወጀውን ሁሉ ይመዘግባል፤ አንድ ድራይቨር ያንኑ ክልል ሲጠይቅ አይሰጠውም። ወጣቱ ባለሙያ የገጠመው ይህ ነው። ላክስ ሲደረግ ከርነሉ ያስጠነቅቅና ያሳልፋል፤ ማስጠንቀቂያው ማሽኑ በተነሳ ቁጥር በሎጉ መጀመሪያ ላይ ተጽፎ ነበር።

የተወሰደው እርምጃ

ጥብቁ ደንብ አንዳንዴ ከልክ ያልፋል፤ ይህን መካድ አይገባም። አምራቹ ክልሉን በዲኤስዲቲው ውስጥ አውጆ ፈጽሞ የማይነካበት ማዘርቦርድ አለ፤ ከርነሉ ግን የታወጀውን እንጂ የሚሠራበትን መለየት አይችልም። ስለዚህ ላክስ ሁልጊዜ ጥፋት ነው አልልም፤ ሳያነቡ ላክስ ማድረግ ግን ጥፋት ነው። ንባቡም የሚያስፈራ አይደለም። በሊኑክስ ላይ የኤሲፒአይ መሣሪያዎች የሚባለው ጥቅል ሠንጠረዡን ከማሽኑ አውጥቶ ወደሚነበብ ጽሑፍ ይፈታዋል። የክልሉን መነሻ 290ን ፈልገን ክልሉን አገኘነው፤ ርዝመቱ 10 ባይት ስለሆነ 295ና 296 በውስጡ ናቸው። ከዚያ ክልሉን የሚጠቀሙትን ዘዴዎች ተከታተልን። አንዱ የተርማል ዞኑ የሙቀት ዘዴ ነው፣ በየጥቂት ሰከንዱ የሚጠራ። ሌላው ደብሊውኤምአይ በሚባለው፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የፈርምዌሩን ዘዴ በሚጠራበት መንገድ፣ ከውጭ የሚጠራ ነው፤ ባንክ፣ ሬጅስተርና ዋጋ ይቀበላል፣ ያንኑ ሚውቴክስ ይይዛል፣ ሥራውን ጨርሶ ይለቃል። ይህ ሁለተኛው የመፍትሔው በር ሆነ።

በመሀሉ ሌላ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ከማተሚያ ቤቱ ጋር የሚሠራ አንድ ባለሙያ «የተርማል ዞኑን እናጥፋው፣ የሐሰት ቁጥር ከሆነ ለምን እንሰማዋለን?» አለ። በከርነል መለኪያ ይቻላል፤ ማሽኑም መጥፋቱን ያቆም ነበር። አልተቀበልኩትም። ማንቂያው ዝም ሲል የተሳሳተው ጽሑፍ አይቆምም፤ የሲፒዩው ፋን ሌሊት መተኛቱን ይቀጥላል፣ የሚነግረን ብቻ ይጠፋል።

ካላንደሩ መቆም ስለማይችል መጀመሪያ የተደረገው ቀላሉ ነው። ላክስ ከግሩብ ወጣ። ድራይቨሩ አልተጫነም፤ የፋን ስክሪፕቱም ቆመ። ፋኖቹን ባዮስ ውስጥ ባለው ሰሌዳ አስተካከልን፤ ያን ሰሌዳ የሚያስፈጽመው ቺፑ ራሱ ነው፣ ሙቀቱን አንብቦ ፋኑን ያዛል፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ባይኖርም ይሠራል። ከፍታችንን አስበን የኬዙን ፋን ፋብሪካው ካስቀመጠው ከፍ አደረግነው፤ ትንሽ ድምፅ ጨመረ። ለክትትል የሲፒዩውንና የዲስኮቹን የራሳቸውን ሴንሰሮች ተውን፤ ሁለቱም በሱፐር አይኦው አያልፉም።

ማሽኑ ከዚያ በኋላ በራሱ አልጠፋም። ጋሼ ግን በዚህ ብቻ አልረኩም። «የኬዙን ፋን ፍጥነት ማየት እፈልጋለሁ፤ አቧራ ሲይዘው ሳይቆም በፊት ይታወቀኝ» አሉ። ለዚህ ከተማ ተገቢ ጥያቄ ነው።

ከመስከረም በኋላ ሥራው ሲቀል ሲስተሙ ወደ ኡቡንቱ 24.04 ተሻገረ። ምክንያቱ አንድ ነው፦ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 ከወጣው ከርነል 5.16 ጀምሮ ይኸው የኑቮተን ድራይቨር በስም በተዘረዘሩ ማዘርቦርዶች ላይ ፖርቶቹን በቀጥታ አይነካም፤ በደብሊውኤምአይ በኩል የፈርምዌሩን ዘዴ ይጠራል። የእኛ ማዘርቦርድ ዝርዝሩ ውስጥ ነበር። ባንኩ፣ ሬጅስተሩና ዋጋው በአንድ ጥሪ ይሄዳሉ፤ ተርማል ዞኑ የሚይዘውን ሚውቴክስ ይህም ይይዛል፤ መሀል የሚገባ የለም። ከፖርት ንባብ ይልቅ ቀርፋፋ ነው፣ ነገር ግን የፋን ፍጥነት በየደቂቃው ለሚያይ ሰው ልዩነቱ አይታወቅም። የኡቡንቱ 22.04 መነሻ ከርነል 5.15 ስለሆነ ይህን አያካትትም፤ በዚያ ላይ ያላችሁ አዲሱን ከርነል ለብቻው መጫን ይኖርባችኋል።

ማዘርቦርዱ በዝርዝሩ ውስጥ ላልሆነ ሰው መንገዱ ጠባብ ነው። ሊኑክስ አንድ ድራይቨር በኤኤምኤሉ ውስጥ የተሰየመውን ሚውቴክስ በስሙ ጠርቶ እንዲይዝ የሚያስችል ተግባር አለው፤ ይህ ግን የሚውቴክሱን ስም ለእያንዳንዱ ማዘርቦርድ ማወቅና ድራይቨሩን ማሻሻል ይጠይቃል። ያን ማድረግ የማይችል ሰው ድራይቨሩን ትቶ ፋኑን ለቺፑ ቢተው ይሻላል እላለሁ። የቮልቴጅ ቁጥር ማየት ደስ ይላል፤ የሲፒዩ ፋን ከማስተኛት ጋር ግን አይመዛዘንም።

ለማረጋገጥ ማሽኑን ሙሉ ጭነት ላይ አድርገን፣ የድራይቨሩን ንባብ ሆን ብለን እያፈጠንን፣ የተርማል ዞኑን ቁጥር ከሲፒዩው ሴንሰር ጎን ለጎን መዘገብን። በላክስ ጊዜ በዚህ ፈተና ዝላዮቹ ወዲያው ይመጡ ነበር። አሁን ሁለቱ መስመሮች ተከታትለው ይወጣሉ፣ ተከታትለው ይወርዳሉ፤ የሲፒዩው ፋንም ከታዘዘው ሳይወጣ ዋለ።

ወጣቱ ባለሙያ በፈተናው ላይ አብሮን ነበር። ሌሎች ደንበኞቹ ጋ የተከላቸውን ማሽኖች ግሩብ ሊያይ ዝርዝር ይዞ ሄደ። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ደግሞ በማሽኑ መዝገብ ላይ አንድ ገጽ ተጨምሯል፦ የባዮሱ ስሪት፣ የከርነሉ ስሪት፣ የፋን ሰሌዳው ዋጋዎች፣ እንዲሁም ባዮሱ ከታደሰ ዲኤስዲቲው እንደገና መነበብ እንዳለበት የሚል ማሳሰቢያ፤ ምክንያቱም የምንጠራው ዘዴ የአምራቹ ነውና በሚቀጥለው ስሪት ሊቀየር ይችላል።